ሸማው ይምጣ፣ ሸማኔው ይጻፍ

«ሸማው ይምጣ፤ ሸማኔው ይጻፍ።»

ባንችይርጋ ይህን የሰማችው ጎንበስ ብላ የቀበሌውን አዳራሽ ስትጠርግ ነው። አዳራሹን ከጽሕፈት ቤቱ የሚለየው ግድግዳ ጭቃው በየክረምቱ እየረገፈ ማገሩ ስለወጣ፣ እዚያ ማዶ የተነፈሰ ሁሉ እዚህ ይሰማል። ተናጋሪው አረጋ ነው። አረጋ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የእሷ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታቸው ገበያ ስትውል አዝላ ያሳደገችው፣ ንፍጡን በቀሚሷ ጫፍ የጠረገችለት። አብሮት ያለው ጸሐፊው ሰጠኝ ሲሆን፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ዘርግቶ ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል ቆይቷል። አንደኛው ወረቀት ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደሴ ለሚመጡት እንግዶች የሚዘጋጀው የኤግዚቢሽን ዝርዝር ነው፤ አናቱ ላይ «የላስታ ታዋቂ ሰዎችና ምርቶች» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው ነገ ጎሕ ሲቀድ በሚመጣው መኪና ወደ ሰፈራ የሚጫኑት የአርባ አባወራዎች ስም ነው። «ማር አለን፣ መስቀል አለን፣ ብራና አለን» አለ ሰጠኝ፤ «ልብስ የሚባል ነገር ግን የለንም።» አረጋ ያን ጊዜ ነው ሸማው ይምጣ፣ ሸማኔው ይጻፍ ያለው። ሰጠኝ የቱ ሸማኔ እንደሆነ ጠየቀ። «ድርቁ ስንት ሸማኔ አስቀረልን? የእህቴ ባል ነዋ። በእጄ ያለው ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ነው፤ አርባኛው እሱ ይሁን። እሱ እንደሆነ የደቡብ ሰው ነው፤ እዚህም ሰው አገር ነው፣ እዚያም ሰው አገር ነው።» ከዚያ በኋላ የተሰማው እስክሪብቶው ወረቀት ሲፍቅ ብቻ ነው።

ሌላ ሴት ብትሆን መጥረጊያውን ወርውራ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ ዘላ ትገባ ነበር። ባንችይርጋ ጠርጋ ጨረሰች። ጥራጊውን አፈሰች፣ አውጥታ ደፋች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር፣ ጥግ ላይ ተደራርቦ የተቀመጠ የእርዳታ ስንዴ፣ ስንዴው ላይ ደግሞ ወደ ሰፈራ ለሚጫኑት የሚታደሉ ግራጫ ብርድ ልብሶች። ሰጠኝ አያትና ቀለም ላምጣ ብሎ ሹልክ አለ። እህትና ወንድም ብቻቸውን ቀሩ። አረጋ ቀና ሳይል የወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሩ ማላላጥ ጀመረ፤ ልጅ ሳለም ጥፋቱ ሲታወቅበት እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ባንችይርጋ መሠረተ ትምህርት ተምራ የምስክር ወረቀት የተሰጣት ሴት ናት፤ ፊደሉን እየለቀመች ቁልቁል አነበበች። ከወረቀቱ ግርጌ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፣ አንጁሎ ይላል።

«እታለም፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ አረጋ በመጨረሻ። «አርባ ተባልኩ። ሦስት ሰው ገደል ለገደል ጠፋብኝ። ሁለቱን ተካሁ፣ አንዱ ቀረኝ። አርባ ካልሞላ አርባኛው አንተ ነህ ብለውኛል።»

«እና ባሌን?»

«አንቺን እኮ አልጻፍኩሽም።»

ውለታ የዋለላት መስሎት ነው እንዲህ የሚላት። አረጋ ተነሣና በሩን ገፋ አደረገ። ሚሊሺያዎቹ የጠፉትን ፍለጋ ወደ ኩልመስክ መንገድ ወርደዋል፤ አንድ ሰው ብቻ ይዘው ከመጡ የአንጁሎን ስም በራሱ እጅ እንደሚሰርዝላት ቃል ገባ። «በእናታችን አጥንት» አላት። «አንቺ ብቻ እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ አፍሽን ያዥልኝ። ሸማውን አምጪ፣ ስቀይ፣ ዝም በይ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንቺ እኮ ምላስሽን አውቀዋለሁ።» ባንችይርጋ የማለበትን አጥንት አሰበች። እናታቸው «ቁጢት በጣሽ አግብተሽ አዋረድሽኝ» እንዳለች፣ በሸማኔው ቤት ውሃ እንኳን ሳትቀምስ የሞተች ሴት ናት። በእሷ አጥንት የተማለ መሐላ ለአንጁሎ ምን ያህል እንደሚጸና ማን ያውቃል። ግን ሌላ መሐላ አልነበራትም፤ ይዛው ወጣች።

ቤታቸው በድንጋይ የተካበ ክብ ቤት ነው፤ ከበሩ በስተግራ የሽመናው ጉድጓድ፣ በስተቀኝ መደብ፣ ከመደቡ በላይ ባዶ ጎታ። ልጅ አልወጣላቸውም። ጎታው ባዶ ከሆነ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ የዘንድሮውም ጥቅምት ያሳጨደው ነገር የለም። አንጁሎ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይሰዳል፤ ማጉን መታ ያደርጋል፤ ደግሞ ይሰዳል። ድሩ ላይ ያለው ነጠላ ሰውነቱ አልቆ የቀረው የአንድ ወገን ጥለት ብቻ ነው። ጥጡን እሷ ናት የፈተለችው፤ ባዘቶውን እንደ ጉም እያሳሳች፣ ከአምናው ጥጥ ተርፎ ጣራ ሥር ከተንጠለጠለው ላይ። ቀዩንና ቢጫውን ክር የገዙት የመጨረሻዋን ፍየል ወልድያ ድረስ ነድተው፣ አብደላ ከሚባል ነጋዴ ሲሆን፣ እሱም ፍየሏን አይቶ «ይቺ ከሲታ ለክር እንጂ ለእህል አትበቃም» ብሎ አሹፎባቸው ነበር። ለገና የሚመጣ ተሳላሚ ይገዛናል ብለው ነው ያን ሁሉ የደከሙት።

ሸማው ለኤግዚቢሽን መፈለጉን ነገረችው። ስለ ሌላው ወረቀት አልነገረችውም። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ቆመ፤ ፊቱ በራ። እዚህ አገር አሥራ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ፣ ካህናቱም ገበሬውም ሸማውን ለብሰው ሲያስቀድሱ፣ ሥራህን እንይልህ ያለው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሸማኔ ማለት ማለዳ ፊቱን ቢያዩት ደስ የማይል፣ ሲፈልጉት ደግሞ ሌላ የሌለ ሰው ነው። አንጁሎም ይህን ለምዶታል። «እስከ ስምንት ሰዓት አደርሰዋለሁ» አለና እንደገና ጎንበስ አለ። ሲሠራ ማውራት ይወዳል፤ የሚያወራው ደግሞ ሁልጊዜ ስለ አገሩ ሰዎች ነው። ከጨንቻ ብርድ ወርደው አርባ ምንጭ ከተማ ገበያ ዳር ጉድጓድ የቆፈሩት የአባቱ ወንድሞች፤ በአንድ ቀን አንድ ኩታ ጨርሶ ማታ ሲጨፍር የነበረው ዙማ፤ ሙዝ እየበላ ብቻ ሦስት ቀን ድር ያደራው ሌላው። ላሊበላ ላይ የእነዚህን ሰዎች ስም የሚያውቅ ፍጡር ከባንችይርጋ በቀር የለም። እሷ ግን ሁሉንም እንደ ዘመድ ታውቃቸዋለች፤ የሞቱትን እንኳን በየተራ አልቅሳላቸዋለች ማለት ይቻላል።

ይህ ዛሬ የሚጨርሰው ጥለት የዳንሳ ዐይን ይባላል። ዳንሳ ሸምኖ ሸምኖ ዐይኑ የጠፋ የአርባ ምንጭ ሽማግሌ ነበር፤ ዐይኑ ከጠፋ በኋላ ክሩን በጣቱ እየዳበሰ፣ እየቆጠረ፣ ይህን ቀይ በቢጫ የተከበበ ፍሬ አወጣ። በእነአንጁሎ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ሸማ ከእጅ ሲወጣ ጥለቱን ያወጣው ሰው ስም ሳይጠራ አይወጣም። ገዢው ይስማም አይስማ፣ ይሳቅም ይቆጣ፣ ስሙ ይጠራል። ስሙ ሳይጠራ የተሰጠ ጨርቅ የሙት ዕቃ ሰርቆ እንደመሸጥ ነው ይላል አንጁሎ። ባንችይርጋም አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ ይህን ስታደርግ ኖራለች፤ የላስታ ገበሬ ጋቢውን እየለካ «ዳንሳ ደግሞ ማነው?» ሲላት፣ «ያባትህ የክርስትና አባት ነው» እያለች ስታስቀው። ስምንት ሰዓት ላይ አንጁሎ ሸማውን ቆርጦ አወረደ፣ አጠፈና በሁለት እጁ ሰጣት። «ያ አዳራሽ በሰው ቢሞላም፣ ስሙን ጥሪ» አላት። «እኔንም ከጠየቁሽ ንገሪያቸው። ሥራን ያየ ሰው ሠሪውን አይነካም።» ባንችይርጋ ነግራው ማልቀስ ፈለገች፤ ነገር ግን አረጋ እንደማለላት አስታወሰችና ሸማውን ታቅፋ ወጣች።

መንገድ ላይ ጎረቤቷ ደብሪቱ ደረሰችባት። የአሸተን ማርያም ተራራ የከሰዓቱን ፀሐይ ተቀብሎ ነበር፤ ሁለቱም የሴቶች ማህበር አባል ስለሆኑ ሳይዘገዩ ተሰልፈው መገኘት አለባቸው። ደብሪቱ ወሬ አታሳድርም። «ከጠፉት አንዱን ያዙት አሉ» አለቻት እያለከለከች፤ «ኩልመስክ መንገድ ላይ፣ ዋሻ ውስጥ። ሚስቱ እግራቸው ላይ ወድቃ አፈር ልሳለች፤ አልሰሟትም።» ባንችይርጋ ማንነቱን አልጠየቀችም። ደስታ ነው የተሰማት፤ እንደ ትኩስ ውሃ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ የወረደ ደስታ፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። የሰው ባል ተይዞ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ግን እውነት ይሁን ውሸት በምን ታውቃለች? የደብሪቱ ወሬ ግማሹ ሁልጊዜ የራሷ ነው።

አዳራሹ ሌላ አዳራሽ መስሏል። ግድግዳው በቀይ ወረቀት ተሸፍኗል። ጠረጴዛዎቹ ላይ ነጭ ማር በቅል፣ የነሐስ መስቀሎች፣ ብራና፣ አገልግል፣ አንድ ትልቅ የጤፍ ነዶ ተቀምጧል፤ ነዶው ከየት እንደመጣ ማንም አልጠየቀም። «ታዋቂ ሰዎች» በሚለው ሥር ሰጠኝ የሁለት ጥንት የሞቱ አርበኞችንና የአንድ ኮከብ ገበሬ ስም በካርቶን ጽፎ ሰቅሏል። ሸማውን ከባንችይርጋ ተቀብሎ በሚስማር ወጠረው፤ ጥለቱ ጎልቶ ይታይ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ጣራው አደረገው። ሰጠኝ ጽሕፈት እንጂ ልብስ አያውቅም። ሴቶቹ ተያዩ። «ዘቅዝቆ ሰቀለው፤ የለቅሶ አደረገው እኮ» አለች ደብሪቱ በሹክሹክታ። ባንችይርጋ ልታስተካክለው እጇን ስትሰድ አረጋ ከበሩ ሆኖ በዐይኑ ተዪው አላት። ከሸማው ሥር ያለውን ካርቶን ፊደሉን እየለቀመች አነበበችው፦ «የላስታ ሴቶች የእጅ ሥራ።» አረጋን ስለ ተያዘው ሰው ልትጠይቀው ወደ እሱ ስትራመድ ውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማና ሁሉም ወደ ቦታው ሮጠ።

የእንግዶቹ አለቃ ካኪ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። አይቆጡም። ማሩን ቀመሱ፣ መስቀሉን አነሡ፣ ነዶውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸማው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ጥለቱን በሁለት ጣታቸው ዳበሱት፤ ዳንሳ እንደዳበሰው ሳይሆን፣ ሰው የሚገዛውን ዕቃ እንደሚዳብስ።

«የማን እጅ ነው ይህ?» አሉ።

«የእህቴ ነው፣ ጓድ። ይቺውልዎት» አለ አረጋ። «የማህበራችን አባል ናት።»

በአዳራሹ ያለ የላስታ ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። ሴት ጉድጓድ ገብታ ስትሸምን በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። እንግዳው ግን የሚያውቁት ነገር የለም፤ ደስ አላቸው። ሴት ልጅ ከጓዳ ወጥታ እንዲህ ያለ ምርት ስታመርት የአብዮቱ ፍሬ ማለት ይህ ነው ብለው አጭር ንግግር አደረጉ፤ ተጨበጨበ። ሰጠኝ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ግራጫ የእርዳታ ብርድ ልብስ አምጥቶ ሰጣቸው፤ እሳቸው ደግሞ ባንችይርጋን ሸለሙበት። ሸማው ከእነርሱ ጋር ደሴ እንደሚሄድ፣ ለክፍለ ሀገሩ ሕዝብ እንደሚታይ ተናገሩ። ባንችይርጋ ብርድ ልብሱን ታቅፋ ቆመች። ሸማው ከእጇ ሊወጣ ነው፤ ስሙ አልተጠራም። ዳንሳ አልተጠራም፣ አንጁሎ አልተጠራም። አረጋ ትክ ብሎ ያያታል፤ ከንፈሩን ነክሷል፤ ዐይኑ ግን የሚለምን ነው ወይስ የሚያስፈራራ፣ ለይታ አላወቀችም። በአንድ በኩል የወንድሟ መሐላ አለ፤ በሌላ በኩል እኚህ ለስላሳ ሰው ፊት ለፊቷ ቆመው ፈገግ ብለዋል። ሊቀመንበሩ የጻፈውን በአንድ ቃል የሚያሰርዙ ሰው ናቸው። ሥራን ያየ ሰው ሠሪውን አይነካም ብሏታል አንጁሎ።

«ጌታዬ፣ እኔ ፈታይ ነኝ እንጂ ሸማኔ አይደለሁም» አለች። «እጁ የባሌ ነው። ጥለቱ የዳንሳ ዐይን ይባላል፤ ዳንሳ የአርባ ምንጭ ሰው ነው። ባሌም የዚያው አገር ሰው ነው፤ አንጁሎ ይባላል። ነገ ሊጫን ተጽፏል። በዚህ ከተማ የቀረን ሸማኔ እሱ ብቻ ነው። ይተዉልን፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ።»

አረጋ ዐይኑን ጨፈነ። እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁና በመሐረብ ጠረጉት፤ ወደ አረጋ ዞሩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሸማኔ እንዳለህ ለምን አልነገርከኝም?» አሉት። ባንችይርጋ ልቧ ብድግ አለ። «መተከል ስድስት መንደር አቋቁመናል» ሲሉ ቀጠሉ፤ «ስድስቱም ውስጥ አንድ ሸማኔ የለም። ሕዝቡ ማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ወርቅ ነው። ስሙን በቀይ አስምሩበት፤ ማንም ቢቀር እሱ እንዳይቀር። የሥራ ዕቃውንም ተሸክሞ ይሂድ።» ከዚያ ወደ ባንችይርጋ ተመልሰው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ይህን ስለነገርሽን እናመሰግናለን አሏት። ለሁለተኛ ጊዜ ተጨበጨበ። እኔም ልጻፍ፣ አብሬው ልሂድ ስትላቸው ቤተሰብ በሁለተኛው ዙር ይከተላል አሉ። አምና የሄዱት ሰዎች ሚስቶችም ሁለተኛውን ዙር እየጠበቁ ናቸው፤ ሁለቱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር።

መኪናው ሸማውን ይዞ ከሄደ በኋላ አረጋን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋው። ባንችይርጋ ፊደሉን እየለቀመች አነበበች። አንጁሎ የሚለው ወፍራም መስመር ተሰምሮበት ተሰርዟል፤ ከሥሩ በአረጋ የተንጋደደ ጽሕፈት የሌላ ሰው ስም ተተክቷል። ያም ከዋሻ የተያዘው ሰው ነው። ከዚያ በታች፣ አሁን፣ በሰጠኝ ቆንጆ ጽሕፈት፣ አርባ አንድ ቁጥር ገብቶ እንደገና አንጁሎ ይላል፤ ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል። «ሰባት ሰዓት ላይ ሰርዤው ነበር» አለ አረጋ። ድምፁ የልጅነቱን ድምፅ ይመስላል። «ልነግርሽ ስል እንግዶቹ ደረሱ።» ልትመታው ፈለገች፤ ልታቅፈውም ፈለገች፤ ሁለቱንም አላደረገችም። አንጁሎን ከሁለታቸው ማን እንደገደለው ስታስብ ቆመች፤ የጻፈው ወንድሟ ነው፣ ለጊዜውም የሰረዘው እሱ ነው፤ የተናገረችው ግን እሷ ናት። በኋላ እሷ ብርድ ልብሷን ይዛ ወጣች።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከቤቷ በር ጥቂት ሲቀራት ቆመችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ነጠላው አሮጌ ነው፤ ለጋብቻቸው እሱ የሠራላት፣ ጥለቱ የደበዘዘ። ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ መልሳ ለበሰችው። ይህን ያደረገችው አስባበት አይደለም፤ ለለቅሶ የሚለበሰው እንዲህ ነው፣ እጇ ያውቀዋል። አንጁሎ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አቧራውን ከእግሩ እየታጠበ ነበር። ገና ከሩቅ ሲያያት ፈገግ አለ።

«ስሙን ጠራሽ?»

«ጠራሁ።»

«እኔንስ ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።»

«ወደዱት?»

«ወደዱት» አለችው።

ያን ጊዜ ቀረበችው። ሸማኔ ከሰው ፊት ቀድሞ ልብሱን ነው የሚያየው። አንጁሎ በአንገቷ ዙሪያ የተጠመጠመውን የደበዘዘ ጥለት አየ፤ በእጇ የያዘችውን ግራጫ ብርድ ልብስ አየ፤ ቁልቁል በመንገዱ፣ የቀበሌው አዳራሽ ወዳለበት አየ። ማን ሞተ ብሎ አልጠየቃትም። እግሩን ሳያደርቅ ተነሣና ወደ ውስጥ ገባ። ባንችይርጋ በሩ ላይ ቆማ፣ ከድሩ ላይ የተረፈውን ክር ሲበጥስ ሰማችው። ተመልሶ መጥቶ ብርድ ልብሱን ከእጇ ተቀበለ፣ መሬት ላይ ዘረጋው፣ መወርወሪያውን መሐሉ ላይ አስቀመጠና ይጠቀልለው ጀመር።